ሁለት በሽታ የተደራረበበት ውሻ

ሐኪም በራሱ ሲኮራ ምን እንደሚገጥመው ልንገራችሁ። አሰላ ውስጥ ባለች ትንሽ የእንስሳት ክሊኒክ ስሠራ፣ ኦቦ ቱፋ የሚባሉ ገበሬ ቡኒ ውሻቸውን በገመድ እየሳቡ መጡ። ካርዱ ላይ "ቡቺ" ብዬ ስሙን ጻፍኩ። ቆዳውን በምላጭ ፍቄ በማይክሮስኮፕ ሳየው እከክ ነው። መርፌ ወጋሁት፤ የሚቀባ መድኃኒትም ሰጠኋቸው።

በሳምንቱ ሲመለሱ እከኩ ድራሹ ጠፍቷል። ደስ ሊለኝ ሲል ጆሮው ላይ ክብ ክብ ጭርት አየሁ።

"ሁለት በሽታ ተደራርቦበት ነው፤ እከኩ ጭርቱን ሸፍኖት ነበር" ብዬ በሙሉ ልብ አስረዳኋቸውና የጭርት ቅባት ሰጠኋቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ጭርቱ የለም። እከኩ ግን በከፊል ተመልሷል! ተናደድኩ።

"ኦቦ ቱፋ፣ መድኃኒቱን በደንብ አይቀቡትም ማለት ነው።"

"ወላሂ ዶክተር፣ አንድ ቀን አላለፈኝም" አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ሁለት ባልደረቦቼን ጠራሁ። ሦስታችንም ውሻውን ከብበን ካርዱን እያገላበጥን፣ እንዲህ ያለ ጉድ አይተን እንደማናውቅ ተስማማን። ቡቺ ያዛጋል።

"እንግዲህ ነገ ጠዋት ይዘውት ይምጡ፤ ደሙን እመረምራለሁ" አልኳቸው።

ኦቦ ቱፋ ግራ ገባቸው።

"ነገማ እሱ ገብስ ይጠብቃል፤ ዝንጀሮው መች ፋታ ይሰጣል? ነገ መምጣት የሚችለው ወንድሙ ነው።"

"የማን ወንድም?"

"የቡቺ ነዋ! ያኛው ቡቺ፣ ጭርታሙ።"