እትዬ ዝናቧ ያረጠበችው ግማሽ ዙር

በፈረስ መሮጫው ሜዳ ሰው ሁሉ «እትዬ ዝናቧ» ይላታል። በየውድድሩ መሃል የውሃ ቦቴዋን እየነዳች አቧራውን የምታስተኛው እሷ ናት። ሥራው የባሏ ነበር፤ እሱ ሲሞት መሪውን ጨብጣ አንድ ልጇን አሳደገችበት። ስትነዳም ታንጎራጉራለች፦

ተኛ አቧራ ተኛ፣ ውሃውን ልበስ፣
ሊያልፍብህ ነውና ነፋሱ ፈረስ።

በሜዳው አንድ ወግ አለ። ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ፣ የበጋው ውድድር በሚዘጋበት ቀን፣ ከመጨረሻው ሩጫ በፊት ሥራውን ብቻውን በሕዝብ ፊት ይሠራል፤ ተመልካቹም ብድግ ብሎ ያጨበጭብለታል። ዘንድሮ ተራው የእሷ ነበር። ልጇ ለዚያ ቀን ብላ አዲስ ጫማ ገዝታላታለች።

ታዲያ መቀመጫው ሞልቶ ሰው አጥር ላይ መንጠልጠል ቢጀምር፣ ሥራ አስኪያጁ የበጋውን ውድድር በአንድ ወር አራዘመው። የእሷ ጡረታ ግን አልተራዘመም፤ መዝጊያው ሳይደርስ መውጣቷ ሆነ።

«እትዬ፣ አንቺ ልትሄጂ ስትይ በጋው ረዘመ!» አላት የፈረሶቹን ጫማ የሚመታው ቀልደኛ።

«ዝናብ ከሄደ ምን ያሳጥረዋል?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን እቤት አልደረሰም።

«እማዬ፣ ሄደሽ ንገሪያቸው እንጂ» አለች ልጇ።

«ጭብጨባ ልለምን? ሞቼ ነው ቆሜ!»

ቁልፉን ራሷ ላሠለጠነችው ሾፌር አስረክባ ወጣች።

በመዝጊያው ቀን ጫማዋን ተጫምታ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከልጇ ጋር ተመልካች መሃል ተቀመጠች። ከመጨረሻው ሩጫ በፊት ቦቴው ወጣ። እያረከፈከፈ የሜዳውን ግማሽ ዞረና እነሱ ፊት ለፊት ቀጥ አለ።

«ተበላሸ! ግፉት!» እያለ ሰው አፏጨ።

ሾፌሩ ወርዶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። «እትዬ! ያንን ግማሽ አልነካሁትም። የአንቺ ነው!»

«አንተ ቀልማዳ፣ ፈረሶቹ ይጠብቃሉ እኮ!» ትቆጣዋለች፤ እግሯ ግን ደረጃውን ጨርሷል። አዲሱ ጫማ ጭቃው ውስጥ ስምጥ አለ። ዞር ብላም አላየችው።

ሞተሩ ተነሳ፤ እሷም «ተኛ አቧራ ተኛ» ማለት ጀመረች። ውሃው እንደ ነጭ ነጠላ ከኋላዋ ተዘረጋ። ፈረስ ያዦቹ ዘፈኗን ያውቁት ኖሮ ከአጥሩ ሥር ተቀበሏት፤ ያፏጨው ሰው ሳይቀር ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

«እናቴ ናት!» አለች ልጇ፣ ማንም ሳይጠይቃት።