ፓስ ልል ነበር

ቡራዩ ውስጥ «ጋሼ» የምንላቸው አንድ ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳቸው ላይ ሁለት ጠረጴዛ ዘርግተው ብሪጅ ያጫውታሉ። ብሪጅ አራት ሰው የሚጫወተው የካርታ ጨዋታ ነው፤ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንድ ወገን ናቸው። እኔ ከሰበታ ሁለት ታክሲ ቀይሬ እመጣለሁ። የጋሼ የረጅም ዘመን ተጣማሪ ሐዋሳ ልጃቸው ዘንድ ስለሄዱ፣ ከጋሼ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ባለቤት አልነበረውም። ጀማሪዎች ሁለት ነበርን፤ እኔና አንድ የምህንድስና ተማሪ። ጋሼ በየሳምንቱ እያፈራረቁ ያስቀምጡናል፤ ማንን ቋሚ እንደሚያደርጉ ግን አልተናገሩም። ወንበሩን በጣም ፈልጌው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ማንም ለምንም ነገር መርጦኝ አያውቅም።

የዚያን ቀን ተራው የእኔ ነበር። ተቃራኒዎቻችን አንዲት ጡረተኛ ነርስና ሱሉልታ ላም የሚያረቡ፣ ሁላችንም «ኦቦ» የምንላቸው ሰው ነበሩ። ካርታ ከመጣሉ በፊት ጨረታ አለ፤ ከአሥራ ሦስቱ ዙር ስንቱን እናሸንፋለን፣ የትኛውስ የካርታ ዓይነት የበላይ ይሆናል የሚል። ነርሷ ኸርት በሚባለው ዓይነት ጨረታውን ከፈቱ፣ እኔ ፓስ አልኩ፤ አልጫረትም ማለት ነው፤ ኦቦ «ሁለት ኸርት» አሉ። ከስድስት በላይ ሁለት፣ ማለትም ስምንት ዙር እናሸንፋለን ማለታቸው ነው። ይህ የሚያስገኘው ትንሽ ነጥብ ነው። ጥያቄው ይህችን ትንሽ ነጥብ እንተውላቸው ወይስ «ሁለት ስፔድ» ብለን እንሻማት የሚለው ነው። ስፔድ የሚባለው ዓይነት ከኸርት ስለሚበልጥ በዚያው በሁለት ላይ መጫረት ይቻላል። ካልተሳካ ግን ቅጣቱ ነጥቧን ከመተው ሊብስ ይችላል።

በእጄ አምስት ስፔድ ነበረኝ፤ ትልቁ ግን ጃክ ነው። ሌላ የሚረባ ነገር ቢኖር አንድ የዳይመንድ ኪንግ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሦስት ትናንሽ ኸርት። የተማርኩትን ሁሉ ደጋግሜ አሰብኩና ተራዬ ሲመለስ ፓስ ልል ወሰንኩ።

የጋሼ ተራ ደረሰ። ካርታቸውን ዘጉ፤ መልሰው ዘረጉ። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ። ከዚያ ከሆድ የሚወጣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና «ፓስ» አሉ። ነርሷም ፓስ አሉ። እኔም ፓስ ካልኩ ጨረታው ያልቃል። ትንፋሹ ግን የጋሼ እጅ ባዶ እንዳልሆነ ነግሮኛል።

እኛ ቤት ልጅ የሚመሰገነው ሳይነገረው ሲገባው ነው። አባቴ ትራስ አምጡ ብሎ አያውቅም፤ ወገቡን ሲያሻሽ ትራስ ይመጣል። እንግዳ ጉሮሮውን ሲጠርግ ውሃ ይቀርባል። እኔ ከእህቶቼ ሁሉ ቀድሜ ስለምነሳ «ጨዋ» ተብዬ አደግሁ። በብሪጅ ግን ይህ ሌብነት ነው። የተጣማሪን ቃል እንጂ ትንፋሹን መስማት ክልክል ነው። ይህን ያስተማሩን ራሳቸው ጋሼ ናቸው፤ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ «ፊታችሁ ግድግዳ ይሁን» እያሉ።

«ሁለት ስፔድ» አልኩ።

ጨረታውን ያሸነፈ ሰው ተጣማሪ ካርታውን ይገልጣልና፣ ጋሼ ካርታቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉ አራት ስፔድ ከነአሱ ከነኪንጉ ወጣ። ልክ ስምንት ዙር አሸነፍኩ።

ነርሷ የእኔን ጃክ በጣታቸው እየነኩ «በዚህ እጅ ነው የተጫረትሽው?» አሉኝ።

«ድፍረት ነው» አሉ ጋሼ። «ወጣት ናት እኮ።»

«ጋሪዳ፣ እሺ፣ ድፍረት እንበለው» አሉ ኦቦ። «የእኔ ላም ግን ስትወልድ እንኳ እንዲህ አትተነፍስም።»

ጋሼ ከልባቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚቀፈኝ ያ ሳቄ ነው።

ነርሷ አልሳቁም። «ልጄ፣ ፓስ ልትይ አልነበር?»

«አይ እትዬ፣ ልጫረት ነበር።»

ነርሷ ካርታውን ሰብስበው ማደል ጀመሩ። ማምሻውን ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ከእንግዲህ ወንበሩ ያንቺ ነው» አሉኝ። የምህንድስናው ተማሪ «ጎበዝ» አለኝ፤ ከልቡ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ጋሼ እንደዚሁ ሲተነፍሱለት ፓስ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ፈዛዛ ነው ብዬ ንቄው ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቅዳሜዎች በብሪጅ አልተሻሻልኩም፤ በጋሼ ተሻሻልኩ። አጭር ትንፋሽ «ተይ» ነው። ወንበር ማንቋቋት «እጄ ጥሩ ነው» ማለት ነው። መነጽር ሲነካ ደግሞ መጠበቅ ነው። ካርታዬን ማየት ትቼ አፍንጫቸውን አያለሁ፤ ቀዳዳው ሲሰፋ፣ ነጩ ጸጉር ሲንቀጠቀጥ። ስናሸንፍ አፌ ውስጥ የሌላ ሰው ምራቅ ያለ ይመስለኝ ጀመር። ጋሼ ይህን አውቀው ያድርጉት አያድርጉት እስካሁን አላውቅም። አያውቁም ብዬ ላምን እሞክራለሁ፤ ያ ደግሞ ሌባዋ እኔ ብቻ እንድሆን ያደርጋል። ነርሷ ሌላ ጠረጴዛ ቀየሩ። ሰላምታቸው አልጎደለም፤ እጄን ግን ቶሎ ይለቁታል።

ባለፈው ሳምንት ወንበሩን ልመልስ ወሰንኩ። የምለውን አስቀድሜ ደብተሬ ላይ ጽፌ ለጋሼ ደወልኩ። የጻፍኩት ስለ ትንፋሹ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ጋሼ፣ ፈተና ስለደረሰብኝ ወንበሩን ለምህንድስናው ልጅ ቢሰጡት ብዬ ነው።»

ከዚያ ያ ረጅም ትንፋሽ በስልኩ መጣ።

«ግድ የለም ልጄ» አሉ። «ትምህርትሽ ይበልጣል። እሱን እጠራዋለሁ።»

የተናገሩት ይህንን ነው። ቃላቸውን ብቻ ብሰማ ኖሮ ስልኩን ዘግቼ መገላገል እችል ነበር።

«አይ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩ።