የጳጉሜው ቀረጻ

ባለፈው ሳምንት የመሥሪያ ቤታችን አንድ ወጣት ፕሮግራመር ለደወለ ደንበኛ ሲመልስ ሰማሁት። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ይዞ፣ ማኪያቶውን እያማሰለ፣ «እኛ ጋ ይሠራል፤ ችግሩ የእርስዎ ማሽን መሆን አለበት» አለ። ትሁት ልጅ ነው። እኔ ግን ፊቴ ጋለና ተነስቼ ወጣሁ። ይህን ነገር ከእሱ በፊት እኔ ብዬዋለሁ፤ ያልኩትም ሊባል ለማይገባው ሰው ነው።

ከሚሌኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ኮሌጅ ከጨረስኩ ዓመት አልሞላኝም። ሳሪስ አቦ በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ ሆኜ የሙዚቃ መቅጃ ፕሮግራም ሠራሁ። ድምፅ ይቀዳል፣ ኪቦርዱን በባቲና በአምባሰል ቅኝት ያስተካክላል፣ የተቀዳውንም በኢትዮጵያ ቀንና ወር ሰይሞ ያስቀምጣል። በዚህ በመጨረሻው በጣም እኮራ ነበር፤ የፈረንጅ ቀን ብቻ የሚያውቁትን ፕሮግራሞች በንቀት ነበር የማያቸው። ገና ያላለቀውን የሙከራ ቅጂ፣ ቤታ የሚሉትን፣ በሲዲ ገልብጬ ለሦስት ሙዚቀኞች ሰጠሁ። ሁለቱ ከፍተውት እንደሆነ እንጃ። ሦስተኛው ጋሽ በለጠ ነበሩ።

ጋሽ በለጠ አቃቂ የሚኖሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። በፋብሪካው የኪነት ቡድን ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወቱ ነበር። ልጃቸው ያገለገለ ኮምፒውተር ስትገዛላቸው፣ ከቡድኑ ዘፋኝ ከጋሽ ሽፈራው ጋር የድሮ ዘፈኖቻቸውን ሊቀዱ ተነሡ። የሚያስቸኩል ምክንያት ነበራቸው። ጋሽ ሽፈራው ጉሮሯቸው ላይ እጢ ተገኝቶ፣ ለእንቁጣጣሽ ማግስት የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ሐኪሙም ከዚያ በኋላ መዝፈን እንደማይችሉ ነግሯቸዋል።

ጳጉሜ እንደገባ ጋሽ በለጠ ደወሉልኝ። ዘፍነው ጨርሰው «አስቀምጥ» የሚለውን ሲጫኑ ፕሮግራሙ ብን ብሎ ይጠፋል፣ ቀረጻውም አብሮ ይሄዳል። ደገሙት፤ ጠፋ። እኔ ቤቴ ስሞክረው ይሠራል። እያንዳንዱን ብልሽት፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ምን እንደተጫኑ ደብተር ላይ እንዲጽፉልኝ እንደ ትልቅ ባለሙያ አዘዝኳቸው። የተማርኩባቸው መጻሕፍት ተጠቃሚን አስመዝግቡ ይሉ ነበር። የጻፈውን አንብቡለት ማለታቸውን ግን ዘልዬው መሰለኝ።

የሩፋኤል ዕለት ራሴ ሄድኩ። ዝናቡ ይወርዳል፤ የሰፈሩ ልጆች ጠበል ነው እያሉ ራቁታቸውን ይቦርቃሉ። ከደብረ ዘይት መንገድ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ኮረኮንች በጭቃ ተውጦ አንድ ጫማዬን ሁለቴ አስወለቀኝ። ጋሽ በለጠ የበቆሎ እሸት ጠብሰው ጠበቁኝ። ጋሽ ሽፈራው አንገታቸውን በፎጣ ጠቅልለው ዝንጅብል በማር ይጠጣሉ። ደብተሩ ሲሰጠኝ ገለጥ ገለጥ አደረግኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ጋሽ ሽፈራው ዘፈኑ። ድምፃቸው ሻክሯል፣ ግን ቤቱን ሞላው፤ ከዝናቡ ሸሽተው በረንዳው ላይ የተጠለሉ ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። «አስቀምጥ»ን እኔው ተጫንኩ። ጠፋ።

«ድገም ካላችሁኝ እደግማለሁ» አሉ ጋሽ ሽፈራው፣ «ግን ብዙ አልቀረኝም።»

ጋሽ በለጠ ከጎረቤት ቴፕ እንዋስና በካሴት እንኳ እንቅዳው አሉ። እኔ አልፈቀድኩም። እንዲህ ያለ ድምፅ በካሴት መበላሸት የለበትም ብዬ ተከራከርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከእኔ ፕሮግራም ውጭ እንዲቀዳ አልፈለግኩም ነበር። አላውቅም ለማለትም አፌ እንቢ አለ።

«እኔ ጋ ይሠራል» አልኩ። «ችግሩ የእርስዎ ማሽን ነው፤ ቫይረስ በልቶታል።»

ለዋዜማው አደርሳለሁ ብዬ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ወጣሁ። ያለውን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? በዓሉም መሃል ገባና የመለስኩት መስከረም ሦስት ነው። አንዴም ሳይጠፋ ሠራ። ጋሽ በለጠ ግንባሬን ሳሙኝ። ጋሽ ሽፈራው ግን ሆስፒታል ነበሩ።

ደብተሩን ያነበብኩት ጥቅምት ላይ፣ ያውም ቦርሳዬን ሳራግፍ ነው። አሥራ አንድ ብልሽት በተለቀመ ፊደል ሰፍሯል፦ ጳጉሜ አንድ፣ ጳጉሜ ሁለት፣ ጳጉሜ ሦስት። ፕሮግራሙን ከፈትኩ። የወራቱን ስም የደረደርኩበትን ሰንጠረዥ ከፈረንጅ መጽሐፍ ነበር የቀዳሁት። አሥራ ሁለት ቦታ አለው፤ ነሐሴ ላይ ያበቃል። ፕሮግራሙ አሥራ ሦስተኛውን ወር ሲፈልግ ያጣና ይሞታል። የእኔ ኮምፒውተር ደግሞ የሰዓቱ ባትሪ ስላለቀ፣ በተከፈተ ቁጥር ወደ ታኅሣሥ ይመለሳል። በኢትዮጵያ አቆጣጠሩ ስኩራራበት የከረምኩት እኔ፣ ጳጉሜን ረስቻለሁ።

በአምስት ደቂቃ አስተካከልኩት። አዲሱን ቅጂ ለጋሽ በለጠ ሳደርስ ጥቃቅን ማሻሻያ ነው አልኳቸው። ይባስ ብለው እሳቸው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ በአሮጌ ማሽናቸው ሰበብ ስላደከሙኝ። ጋሽ ሽፈራውንም እንዲሁ ብለው ይቅርታ እንደጠየቁ ነገሩኝ። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ሻዬን ጠጥቼ ሄድኩ።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ በለጠ አረፉ። ለቅሶው ላይ ጋሽ ሽፈራው ከድንኳኑ ጥግ በእጃቸው ጠሩኝ። የቀራቸው ሹክሹክታ ብቻ ስለሆነ ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ።

«በለጠ በዚያ ማሽን ነገር ራሱን እንደወቀሰ ሞተ» አሉኝ። «እኔ ጥፋትህ አይደለም ብለው አይሰማኝም ነበር። አንተ ብትነግረው ኖሮ ያምንህ ነበር።»

ራሴን ነቀነቅኩ። ዛሬ የማሠራቸው ልጆች የተጠቃሚን ማስታወሻ ሦስት ጊዜ ስለማስነብባቸው ጠንቃቃ ሰው እመስላቸዋለሁ። ጋሽ ሽፈራው በሕይወት አሉ፤ እዚያው አቃቂ፣ ቤታቸውን አውቀዋለሁ። ይህን ሁሉ ለማያውቀኝ አንባቢ መጻፍ አላቃተኝም። እሳቸው ዘንድ ሄጄ ግን እስካሁን አልተናገርኩም።