ከይፋግ በላይ የቆመችው መኪና

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል። ሦስት ቁስለኞች የጫነችው መኪናችን ከይፋግ በላይ ካለችው ጉብታ ሥር ሞተሯ ጠፋ። ሾፌሩም መካኒኩም እኔ ነበርሁ።

ውጊያው የተጀመረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ጉብታዋን ያዝን። አራት ሰዓት ላይ ሞርታር ወረደብን። ሦስት ጓዶቻችን እዚያው ወደቁ። ሁለተኛዋ መኪናችን ተመታች። ቁስለኞቹን ባሕር ዳር እንዳደርስ ታዘዝሁ።

ከቁስለኞቹ አንዱ ዐሥር አለቃ ደሴ ነበር። ከመዝመቱ በፊት ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አካባቢ ተማሪ የሚያመላልስ ባጃጅ ይነዳ ነበር። የተመታው ሆዱ ላይ ነው። የሕክምና ባለሙያችን ሙሉቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ደሙ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ መሆኑን፣ ቶሎ ካልደረስን እንደማይተርፍ ነገረኝ።

መኪናችን ባትሪዋ ሲደክም ናፍጣው ይዘጋባታል። ገፍተን አስነሣናት። ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ብለካው ዐሥራ አንድ ቮልት እንኳ አልሞላም። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ኃይል አይሰጥም ማለት ነው። ወዲያው መልሳ ጠፋች።

ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ ነካሁት፤ ጠብቋል። ሽቦዎቹ አልላሉም። የዲናሞውን ኃይል የሚመጥነውን የቮልቴጅ ሬጉሌተር ጠረጠርሁ። ከተመታችው መኪና ፈትቼ ለወጥሁት። ለውጥ የለም። ዲናሞውንም ለወጥሁ። ለውጥ የለም። የተመታችዋ መኪና ባትሪ ተሰንጥቆ ስለነበር አልረዳንም። አንድ ሰዓት ተኩል እንዲህ አለፈ።

ደሴ ቃሬዛው ላይ ሆኖ ያዳምጠናል። ለባጃጅ እንኳ የማትበቃ መካኒክ እያለ ይቀልድብኝ ነበር። በመጨረሻ ግን፣

«ወንድም ዓለም፣ ቁልፍ ስትከፍት ቀይዋ የባትሪ መብራት ትበራለች?» አለኝ።

«አትበራም። አምፖሏን እኔው ነቅያታለሁ።»

«እንግዲያ ዲናሞውን ማን ይቀስቅሰው?»

ማታ ማታ የዳሽቦርድ ብርሃን ከማዶ እንዳይታይ ትእዛዝ ነበር። ሌሎቹ ሾፌሮች በፕላስተር ሸፈኑት። እኔ የበለጠ ልጠንቀቅ ብዬ ከሁለት ቀን በፊት አምፖሎቹን ሁሉ ነቀልሁ። ዲናሞው ሥራ እንዲጀምር የሚያስፈልገው ጥቂት ኃይል ግን የሚደርሰው በዚያች ቀይ አምፖል በኩል አልፎ ነው።

አምፖሏን ከወንበሩ ሥር አውጥቼ መልሼ ተከልኋት። ገፋን። ዐሥራ አራት ቮልት።

«ባጃጅ ነጂ አትናቅ» አለ ደሴ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሣን። ወረታን አለፍን። ሐይቁ በቀኝ በኩል ታየ። ዘንዘልማ ስንደርስ ሙሉቀን ከኋላ ሆኖ ቁም ሲል ጣራውን ሁለት ጊዜ መታ። አልቆምሁም።

በዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመን ደርሰን ቢሆን ደሴ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ባሕር ዳር የተቀበለንን ሐኪም ጠየቅሁት። እንደማያውቅ ነገረኝ። እኔም አላውቅም። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ እጽፋለሁ።

ሁለቱ ቁስለኞች ተርፈዋል። በዚያ ቀን ከክፍላችን የሞቱት አራት ናቸው፤ ሦስቱ ጉብታዋ ላይ፣ አንዱ መንገድ ላይ። ሙሉቀን በመዝገቡ ለደሴ የጻፈው ሰዓት ለዐሥር አምስት ጉዳይ ይላል።