በሁዳዴ ወተት የጠጡት ቄስ

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

የወንድሜ ልጅ ነው ከላሊበላ የደወለው። «አክስቴ፣ ቄስ ፈንታው አረፉ» ሲለኝ «ሂድ ወዲያ!» ብዬ ዘጋሁበት። መልሶ ደወለ። አሁንም አላመንኩም። ባለፈው እሁድ በስልክ ሲቆጡኝ የነበሩ ሰው እንዴት ይሞታሉ? «ሁዳዴ መግባቱ ነው፤ ያንቺ ሽሮ የት ደረሰ?» ብለውኝ ነበር። ሽሮው ይኸው፣ እዚህ ደሴ፣ ሳሎኔ ውስጥ በከረጢት ተቀምጧል።

ብዙዎቻችሁ ቄስ ፈንታውን የምታውቋቸው በጎተራቸው ነው። ከቤተክርስቲያኑ በር አጠገብ ያለችው፣ ያለው እህል የሚያስገባባት፣ የቸገረው የሚወስድባት። እንጨት ፈላጭ ሲጠፋ ራሳቸው ይፈልጣሉ። እሰጣለሁ ብሎ የቀረ ሰው ደጃፍ ላይ ደግሞ ሄደው ይቀመጣሉ፤ እስኪሰጥ አይነሱም። እኔም ላሊበላ ሳለሁ ደጃፌ ላይ ተቀምጠውብኝ ያውቃሉ።

«ቄስ ሆነው ለምን አይቀድሱም?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ዛሬ ልንገራችሁ። እዚያው ነበርኩ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ እዚያው ላሊበላ። እኔ ያላገባሁ ወጣት ነበርኩ፤ እሳቸውም ክህነት ከተቀበሉ ብዙም ያልቆዩ፣ ጢማቸው በቅጡ ያልወጣ ቄስ። ቀበሌው ባዶ መጋዘን ለቀቀልንና የከተማው ሰው ተሰባስበን ለተራበው አጥሚት ማብሰል ጀመርን። ግድግዳው ላይ ስለተትረፈረፈ ምርት የሚያወራ መፈክር በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ከሥሩ ከሙጃና ከብልባላ በእግሩ የመጣ ሰው ተኝቷል። ያለው እፍኝ ገብስ ያመጣል፣ የሌለው እንጨት። እኔ አማስላለሁ። ቄስ ፈንታው ቤት ለቤት እየዞሩ እህል ይለምናሉ።

ሁዳዴ ሲጋመስ የከተማው እህል አለቀ። የቀረን ከውጭ የመጣ፣ ወተት የተቀላቀለበት ዱቄት ብቻ ነበር።

አበሰልነው። የሚጠጣው ጠፋ።

ይሄን ለዛሬ ልጆች ስነግራቸው አያምኑኝም። አጥንቱ የቀረ ሰው ኩባያውን ይቀበላል፣ ያሸትታል፣ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። «ወተት አለው። ጾም ነው።» በቃ። ሕፃናቱን አጠጡ፤ ራሳቸው ግን ፊታቸውን አዞሩ።

በሩ አጠገብ ከሙጃ በኩል የመጣች፣ ሴት ልጅ ያቀፈች እናት ተቀምጣለች። ሕፃኗን አጠጣች። ከዚያ ቄስ ፈንታውን ቀና ብላ አየቻቸውና፣

«አባ፣ ይፍቱኝና ልቅመሰው» አለቻቸው።

ደነገጡ። በኛ አገር ከጾም የሚፈታ የነፍስ አባት ነው።

«የነፍስ አባትሽ ወዴት ናቸው?»

«መንገድ ላይ ቀሩ፣ አባ። ቀበርናቸው።»

«እኔ እኮ የነፍስ አባትሽ አይደለሁም፣ እቴ። እንዴት ደፍሬ? አሸተን ወጥቼ አባቶችን ጠይቄ ልምጣ። ጠብቂኝ።»

«እሺ፣ እጠብቅዎታለሁ» አለች።

ሮጡ። አሸተን ማርያም ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ናት፤ ዳገቱ ጠግቦ ያደረውንም ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል። እላይ ያገኟቸው ሽማግሌ መነኩሴ ነገሩን ሰምተው «ይህን ልትጠይቅ ነው የወጣኸው? ተመለስና አጠጣት!» ብለው ተቆጧቸው።

ሲመለሱ በነጠላ ሸፍነናታል። ሕፃኗ እኔ እጅ ላይ ናት። ኩባያው እንደሞላ ቀዝቅዞ ከጎኗ ተቀምጧል።

ቄስ ፈንታው አላለቀሱም። ጎንበስ ብለው ያንኑ ኩባያ አነሱ። መስቀላቸውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እስከ ጭላጩ ጠጡት።

«ኀጢአት ከሆነ በኔ ይሁን» አሉ። «ሰማችሁ? በኔ ይሁን። ጠጡ!»

አንድ ሽማግሌ ኩባያቸውን አነሱ። ቀጥሎ ከጎናቸው ያለችው። ከዚያ በመጋዘኑ ውስጥ የሚሰማው የኩባያ ድምፅ ብቻ ሆነ። እስከ ዛሬ ዕቃ ሳጥብ ኩባያ ከኩባያ ሲጋጭ እጄ ቀጥ ይላል።

«ጾም ገዳፊው ቄስ» ተባሉ። ያን ቀን ጠጥተው የተረፉት እንኳ አሏቸው፤ ይሄ ዛሬም ያናድደኛል። እሳቸው ንስሐቸውን ፈጽመው ተፈቱ፤ ወደ መቅደስ ግን አልተመለሱም። ውጭ፣ ጎተራቸው አጠገብ ቆመው ያስቀድሳሉ። ሕፃኗን እሳቸውና ባለቤታቸው አሳደጓት።

አንዴ ብስጭት ብዬ «ለአንድ ኩባያ ወተት እስከ መቼ ራስዎን ይቀጣሉ?» አልኳቸው።

«የወተቱን ንስሐማ ጨርሻለሁ» አሉኝ። «ያልጨረስኩት ዳገቱን ነው። በተኛሁ ቁጥር እወጣዋለሁ። እጠብቅዎታለሁ ብላኛለች እኮ።»

ልጅቷ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ጎተራውን የምትይዘውም እሷ ናት። ቅድም ደወልኩላት። ስናለቅስ ቆይተን፣ መጨረሻ ላይ ምን አሉ ብዬ ጠየቅኳት።

«ዳገት እንደሚወጣ ሰው ሲያለከልኩ ነበር» አለችኝ። «ከዚያ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ። ‹አንቺ የእናትሽ ዓይን ነው ያለሽ› ይሉኝ አልነበር? እሷን የመሰልኳቸው ይመስለኛል። ‹ደረስኩ፣ እቴ፣ ደረስኩ› አሉ።»

ቄስ ፈንታው፣ አባቴ፣ እንግዲህ ደርሰዋል። «ይፍቱኝ» ስትልዎ ማንንም ልጠይቅ እንዳይሉ። ጠጪ ይበሏት። እኔም ነገ ሽሮውን ይዤ እመጣለሁ፤ የሚቆጣኝ ባይኖርም። ጎተራው በኛ ይሁን። እርስዎ ከዳገቱ ይረፉ።