ጎሊና እልል የተባለለት ቀን

ልጅ እያለሁ «መዝናኛ» የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም። እኛ የሮቢት ልጆች የምናውቀው «ባሕሩን» ነበር። የጎሊና ወንዝ ከምዕራቡ ተራራ ወጥቶ ሜዳውን ከመንካቱ በፊት በሁለት ገደሎች መካከል ያጠራቀመው ውሃ ነው፤ ጥልቅ፣ ቀዝቃዛ፣ አረንጓዴ። ሜዳው በሐሩር ሲንቀለቀል እዚያ የሾላ ጥላና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ነበረ። ለበዓል ከቆቦ የሚመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ይነክሩበት ነበር። ታላቅ ወንድሜ አራጌ ከገደሉ ወገብ ላይ ዘሎ ሲገባ ዝንጀሮዎቹ ደንግጠው ሽቅብ ይበተናሉ።

በእኛ ቆላ ጎርፍ ጠላት አይደለም። ዝናቡ የሚዘንበው ደጋ ላይ ነው፤ ማሽላችን የሚበቅለው ከዚያ በሚወርደው ውሃ ነው። ስለዚህ ከላይ ያሉ ሴቶች ውሃውን ሲያዩ እልል ይላሉ፣ የታችኞቹ ተቀብለው እልል ይላሉ፣ ወንዶቹም አካፋና ዶማቸውን ይዘው ጎርፉን ወደየማሳቸው ለመጥለፍ ይሮጣሉ። ሽማግሌዎቹ፣ ጎሊና እልል ብለው ካልተቀበሉት አኩርፎ ያልፋል ይሉ ነበር።

በዚያ ዓመት በልጉ ጠፍቶ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነበር። ፋሲካ አልፎ የሠርግ ሰሞን ሲገባ የሠፈራችን ልጅ ተዳረች፤ እኛም ገላችንን ታጥበን እንድንመጣ ወደ ባሕሩ ተላክን። አራጌ፣ እኔና የጎረቤታችን ልጅ ሐዋ ነበርን። ሐዋ የአራጌ እኩያ ናት፤ በምላሷ የሚችላት አልነበረም። እልልታ ስንሰማ ሙሽራው ደርሷል ማለት ነውና ያን ጊዜ ልንሮጥ ተስማምተን ነበር። አራጌ ለሠርጉ የተሰፋለትን አዲስ የአቡጀዲ ሸሚዝ ከወዲያኛው ዳር ድንጋይ ላይ አስቀምጦታል።

«ኧረ ውጣ አንተ ዓሣ! ሙሽራው ሚስቱን ይዞ ሊሄድ ነው» አለችው ሐዋ ፀጉሯን እየጨመቀች።

«አንቺ ምን አስቸኮለሽ? የእስላሙን ድስት እንደሁ የሚነካብሽ የለ!»

«እሱንማ ለአንተ ባቀመስኩህ፣ ንስሐ አባትህን ፈርቼ ነው እንጂ።»

ሦስታችንም እየሳቅን ሳለ እልልታው መጣ። ገደሉ ውስጥ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይለይም፤ ግራና ቀኝ እየተጋጨ ይዞራል። በላያችን ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነበር። «ሙሽራው!» አልንና ሐዋና እኔ ልብሳችንን ይዘን ዳገቱን ወጣን። አራጌ ግን ሸሚዙን ሊያመጣ ተሻገረ። ሸሚዙን በጥርሱ ነክሶ መሐል ላይ ሲደርስ ከገደሉ ውስጥ ቀዝቃዛ ነፋስ ወጣ፤ የእርጥብ አፈር ሽታ ነበረው። ከኋላው የድንጋይ መንኳኳት ተከተለ። ሐዋ ቀድማ ገባት።

«አራጌ፣ ሠርግ አይደለም! ውጣ! ውሃ ነው!»

አንገቱን ቀና አድርጎ ያየን መሰለኝ። ውሃው ግንድና ድንጋይ ይዞ፣ ቡናማ ግድግዳ ሆኖ መጣ። ከዚያ በኋላ ባሕሩም አልነበረም፣ አራጌም አልነበረም።

እየጮኽን ወደ ሜዳው ወረድን፤ ጩኸታችንን ግን እልልታው ዋጠው። አባታችን ሠርጉን ትቶ በማሳው አፍ ላይ፣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ አገኘነው። ጭቃ በጭቃ ሆኖ እየሳቀ «ዘንድሮስ ጠገባችሁ ልጆቼ!» አለን። የነገረችው ሐዋ ናት። አካፋውን እንደያዘ ወንዙን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ሮጠ። ጎረቤቶቹ ግማሹ ተከተሉት፤ ግማሹ ማሳችንን አጠጡልን።

አልተገኘም። ማሽላው ሲያሸት ከአፋር ጨው ጭኖ ወደ ቆቦ ገበያ የሚመጣ አንድ ሰው ቤታችንን አጠያይቆ መጣ። ጎሊና ከዞብል ተራሮች ወዲያ፣ እነሱ አገር አሸዋ ውስጥ ገብቶ እንደሚቀር ነገረን። አንድ ልጅ እዚያ አግኝተው ቀብረውታል።

«አንገቱ ላይ ክር ነበረ» አለ በተሰባበረ አማርኛ። «የእናንተ መሆኑን አወቅን። አልበጠስንም። ከነክሩ አስተኛነው።»

እናቴ አላለቀሰችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጥላ አለው?»

ሰውዬው መሬት መሬት እያየ «ግራር አለ። ትንሽ ነው። ያድጋል» አላት።

ከዚያ ወዲህ የጎርፉን ውሃ ለየማሳው የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ ለጎርፍ እልል ማለትን ከለከሉ፤ አሁን ወንዶች ናቸው «ውሃ! ውሃ!» እያሉ የሚጮኹት። ሐዋ ወደ ጎብዬ ተድራ እዚያ ወልዳለች፤ ስንገናኝ ስለ ሌላ ስለ ሌላው እናወራለን። ባሕሩን ጎርፉ በደለል ሞልቶት ነበር፤ በኋላ ራሱ መልሶ ቆፈረው። እሑድ እሑድ የከተማ ወጣቶች ራዲዮ ይዘው እየሄዱ ሾላው ሥር ይዝናናሉ፤ ቦታው ዛሬም ያምራል። እኛ ያኔ ጎሊና ከየት እንደሚመጣ እንጂ የት እንደሚያልቅ ጠይቀን አናውቅም ነበር። አሁን ቤታችን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ከዚያ በኋላ የተወለደችው ትንሿ እኅቴ እንኳ ውሃ ስትቀዳ ለወንዙ ትንሽ መልሳ ታፈስለታለች፤ ለግራሩ።