በየትኛው ሰ?

ልጅ ሳለሁ፣ ጎረቤላ ላይ ቀኑ ሲዘቀዝቅና ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ቤቶቹን አንድ በአንድ ሲውጣቸው፣ እኛ የሠፈር ልጆች እያንዳንዳችን አንድ ኩበት በብብታችን ይዘን ወደ ጋሼ ንጉሤ ቤት እንሄድ ነበር። ኩበቱ መግቢያችን ነው። ምድጃው አጠገብ አኑረነው መደቡ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ጭሱ ዐይናችንን ሲያስለቅሰን በልብሳችን ጫፍ እየጠረግን፣ ፍሙ እስኪቀላ፣ ፋኖሱ እስኪበራ፣ እርሳቸውም የተሰበረ መነጽራቸውን በክር ከጆሯቸው ጋር አስረው እስኪጨርሱ እንጠብቃለን። ያኔ መጠበቅም ደስ ይል ነበር።

ጋሼ ንጉሤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰላ ድንጋይ ጀምረው፣ አሊዩ አምባ ቆላው ውስጥ ብዙ ዓመት ሰንብተው፣ መጨረሻ ላይ እኛ ጋ ወጥተው ያስተማሩ ሰው ነበሩ። በየሄዱበት ከገበሬውም ከነጋዴውም የሰሙትን ተረት በአንድ ሰማያዊ ሽፋን ባለው ወፍራም ደብተር ጽፈው አኑረዋል። ጡረታ ወጡ ይባል እንጂ ማስተማሩ አልለቀቃቸውም። ከተረቱ በፊት ስም ይጠራሉ። እውነተኛ የስም መጥሪያ መዝገብ ነበራቸው። «አቤት» ያለ ራይት ይደረግለታል፤ የቀረ «ቀ» ይጻፍበታል። በመጨረሻው «ምርመራ» በሚለው ዓምድ ላይ ደግሞ የቀረበትን ምክንያት ያሰፍራሉ፦ ጉንፋን፣ ጥጃ ፍለጋ፣ እናቷ ወልዳ።

መዝገቡ ሲጀመር ስማችንን እኛው ራሳችን እንድንጽፍ አደረጉን። ተራዬ ሲደርስ «ምስራቅ» ብዬ ጻፍሁ። ጋሼ መዝገቡን ወደ ፋኖሱ አስጠጉት።

«ይህቺ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አንቺ አይደለሽም። ምሥራቅ ፀሐይ የምትሠርቅበት፣ የምትወጣበት ነው፤ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው። በእሳቱ ሰ ከጻፍሽው መስረቅ ውስጥ ገባሽ፤ የሌባ ዘመድ ሆንሽ።»

ቤቱ በሣቅ ተናጋ። አባቷ ከአሊዩ አምባ ቅመም እያወጣ የሚነግድላት ዘሃራ ከሁሉም በላይ ጮኸች። «ወላሂ እውነታቸውን ነው! ኩበቱንም ከእኛ ደጅ ነው የምታነሣው!»

«አንቺ ዝም በይ፤ የአንቺን ሃ ገና አላየሁትም» አሏት ጋሼ። ሣቁ ወደ እርሷ ዞረ።

የዘሃራ ነገር ቀልድ ነበር። ኩበታችንን የምጠፈጥፈው እኔ እንደሆንሁ ሁሉም ያውቃል። ትንሿ መዳፌ ከነአምስት ጣቷ ኩበቱ ላይ ታትማ ስለምትደርቅ፣ ዘሃራ «የምሥራቅ ኩበት እንቁራሪት የረገጠችው ይመስላል» እያለች ታበሽቀኛለች። እኔ ግን ያን ማታ ጆሮዬ ድረስ ነድጄ ነበር። የጻፍሁትን ፊደል በምራቄ ሳሸው ወረቀቱ ተቀደደ። ጋሼ ከቀዳዳው አጠገብ ስሜን በንጉሡ ሠ፣ በዚያ በሚያምር እጃቸው ጻፉልኝ። ከዚያ ወዲህ ስሜን ሲጠሩ «ምሥራቅ፣ በንጉሡ!» ይላሉ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ «አቤት» እላለሁ። የእርሳቸውም ስም በንጉሡ ነውና የሚዛመዱኝ ይመስለኝ ነበር።

ዐይን አፋር ልጅ ነበርሁ፤ አሁንም ነኝ። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም። የሆነው ሁሉ የሆነው አንዲት ዐረፍተ ነገር ከአፌ ማውጣት ስላቃተኝ ነው።

አባቴ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አገኘና ልንሄድ ሆነ። ዕቃችን በጭነት መኪና ሊጫን የአንድ ቀን ዕድሜ ሲቀረው፣ ጋሼ ድምፅዋ የጠፋባትን ሴት ተረት ጀመሩልን። ሴትየዋ ከገደሉ አፍ ላይ ቆማ ልጇን ስትጣራ ድምፅዋ በጉሙ ውስጥ ወድቆ ይቀርባታል። አፏን ብትከፍት ባዶ ነው። ድምፅዋን ፍለጋ ቁልቁለቱን ወረደች፤ ወንዙን ብትጠይቀው በራሱ ድምፅ መለሰላት፤ ዝንጀሮዎቹ አፌዙባት፤ በሦስተኛው ቀን ከቆላው ገበያ ስትደርስ የገዛ ድምፅዋ ከሰው መሀል ሲጣራ ሰማች። እዚህ ላይ ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የቀረው ለነገ።»

ሁልጊዜም እንዲህ ነበር የሚያደርጉን። ልጆቹ አጉረመረሙ፣ ተነሡ፣ ተገፋፍተው ወጡ። እኔ በሩ ጋ ቆምሁ። «ጋሼ፣ እኔ ነገ የለሁም» ማለት ብቻ ነበረብኝ። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። «ምነው፣ ምሥራቅ?» አሉኝ። «ምንም፣ ጋሼ» ብዬ ሮጥሁ።

በማግሥቱ ማለዳ መኪናው ሲጫን፣ ተሰናብቼ መጨረሻውን እጠይቃለሁ ብዬ ኩበቴን ይዤ ሄድሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ጋሼ የሉም፤ ቤተ ክርስቲያን ስመው አልተመለሱም። ምድጃው ዐመድ ለብሷል። ሰማያዊው ደብተር መስኮቱ ደፍ ላይ ነበር። መጨረሻዋን ብቻ አንብቤ እመልሰዋለሁ ብዬ አነሣሁት። ገጹን ሳላገኘው የመኪናው ጥሩምባ ተነፋ፤ እናቴም ስሜን ስትጣራ ሰማሁ። ደብተሩን ከቀሚሴ ሥር ሸጎጥሁት። ባዶውን ቦታ ሳየው ደነገጥሁ መሰለኝ፣ እዚያው ላይ ኩበቴን አስቀመጥሁበት። በልጅ ሐሳቤ የሰጠሁ እንጂ የወሰድሁ አልመሰለኝም።

የተረቱን መጨረሻ ከፍራሹ ጭነት ላይ ተቀምጬ፣ ገጹን ነፋሱ እያገላበጠብኝ አነበብሁት። ድምፅዋን አንዲት ልጅ አግኝታ ኖሮ በእርሱ እየተጣራች እንቁላል ትሸጣለች። ሴትየዋ ቆማ አዳመጠች። ድምፁ ልጅቷ ላይ ያምራል። ልትነጥቃት የዘረጋችውን እጅ መልሳ፣ ምንም ሳትል፣ ምንም ማለትም ሳትችል፣ ዳገቱን ተመልሳ ወጣች። ይኸው ነው። መጨረሻውን አገኘሁ፤ ደስ ግን አላለኝም።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ እናቴ ለለቅሶ ጎረቤላ ሄዳ መጣች። እኔ ዕቃ እያጠብሁ እርሷ ጫማዋን እያወለቀች ወሬዋን ታወራለች። «ምስኪን ጋሽ ንጉሤ ተረቱን ትተውታል አሉ። ደብተራቸው ጠፍቶባቸው፣ ይጀምሩና መሀል ላይ ሲደርሱ ይጠፋባቸዋል። ልጆቹም ሰልችተው ቀሩ። ማታ ማታ ብቻቸውን እሳት ይሞቃሉ።» ያንኑ ብርጭቆ ደግሜ ደጋግሜ አጠብሁት። ደብተሩ ያኔ ከአልጋዬ ፍራሽ ሥር ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማውራት ይደክመኛል። አደግሁ፣ ተማርሁ፣ የአማርኛ መምህርት ሆንሁ። ክፍል ውስጥ ከዚያ ደብተር ተረት እያወጣሁ ስነግር ተማሪዎቼ ጸጥ ይላሉ፤ ባልደረቦቼ «ይህን ሁሉ ከየት ታመጪዋለሽ?» ይሉኛል፤ እኔም «ልጅ ሳለሁ የሰማሁት ነው» እላለሁ። ውሸት አይደለም። ስንት ጊዜ ጎረቤላ በሚያደርሰው የአንኮበር መኪና ገብቼ፣ ቦታ ይዤ፣ ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሰው ሞልቶ ሊንቀሳቀስ ሲል እንደወረድሁ ረዳቶቹ ይወቁት። «እቺ ሴትዮ ደግሞ መጣች» ብለው ይሣሣቁብኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ግን ሳልወርድ ቀረሁ። ጋሼ በዚያው ቤት፣ በዚያው መደብ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ዐይናቸው ደክሟል። ልጃቸው እትዬ ጽጌ አስገባችኝና ሻይ ልታፈላ ወደ ጓዳ ገባች።

«ማን ናት?»

«ምሥራቅ ነኝ፣ ጋሼ።»

«በንጉሡ?»

«በንጉሡ።»

ፊታቸው በራ። «አስተማሪ ሆናለች ብለውኛል። ልጆቹ ይሰሙሻል?»

«ተረት ስነግራቸው ይሰማሉ።»

«እሱ ደግ ነው። ተረት ተናጋሪ ካልተገኘለት ይሞታል» አሉ። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ቦርሳው እጄ ውስጥ ነው። ፍሙን እያየሁ፣ የራሴው ድምፅ ከሩቅ እየተሰማኝ፣ «ጋሼ... እኔ እኮ ሰረቅሁ» አልሁ።

ጋሼ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። ከዚያ እንደ ድሮው የክፍል ድምፃቸው ረጋ ብለው ጠየቁኝ።

«በየትኛው ሰ?»

አንዲት ቃል ነበረች የቀረችኝ። «በእሳቱ» ብል ያልቅ ነበር። እትዬ ጽጌ ብርጭቆ እያንኳኳች ከጓዳ ወጣች፤ ፊቴ ነደደ፤ ያቺ በሩ ጋ ቆማ «ምንም፣ ጋሼ» ብላ የሮጠችው ልጅ ተመልሳ መጣች።

«በንጉሡ» አልሁ።

«እሰይ!» አሉ ጋሼ። «እንግዲያው ፀሐይ ወጣች፤ ብርዱ ይቀንስልናላ።» ሣቁ፤ ጽጌም ነገሩ ሳይገባት ሣቀች፤ እኔም ሻዬን ጠጥቼ፣ ደብተሩን እንደያዝሁ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስሁ።

ያለፈው ወር ጽጌ ደወለች። አባቷ ዐርፈዋል። «አንቺ የአማርኛ መምህርት ነሽና የሕይወት ታሪካቸውን ጻፊልን፤ ቀብር ላይም አንቺው ታነቢዋለሽ» አለችኝ። ስደርስ የወረቀት ሣጥናቸውን አመጣችልኝ። ምስክር ወረቀት፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ የቆዩ ፎቶግራፎች። ከሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ነበር።

«እሱን ተይው፤ ኩበት ነው» አለች ጽጌ ዐይኗን እየጠረገች። «ስንት ክረምት እንጨት አጥተን ስንቸገር እንኳ አታንዱት ብለው ከለከሉን። የሽማግሌ ነገር።»

ጋዜጣውን ፈታሁት። ጠርዙ ተፈርፍሯል፤ መሀሉ ላይ ግን ከነአምስት ጣቷ አንዲት ትንሽ መዳፍ አለች። የእንቁራሪት እግር። እጄን ብዘረጋባት መዳፌ ሸፈናት።

ከኩበቱ ሥር መዝገቡ ነበር። ገልጬ ቀዳዳውን ፈለግሁት፤ አገኘሁት። ከቀዳዳው አጠገብ ስሜ በንጉሡ ሠ፤ ከስሜ ፊት የራይት ረድፍ፤ ከዚያ ከመጨረሻው ማታ በኋላ ግን ራይትም የለም፣ «ቀ»ም የለም። በምርመራው ዓምድ ላይ በዚያ በሚያምር እጃቸው አንዲት ቃል ተጽፋለች።

«ሠረቀች።»

በንጉሡ ሠ። በሕይወታቸው አንዲት ፊደል ተሳስተው የማያውቁ ሰው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዐውቀዋል። ደብተሩ በቀረባቸው በዚያ ሁሉ ማታ፣ ልጆቹ አንድ በአንድ ሲቀሩ፣ ምድጃው ዳር ብቻቸውን ሲቀመጡ ያውቁ ነበር። አድራሻችን አልጠፋባቸውም፤ እናቴን ለቅሶ ላይ አግኝተው ሰላም ብለዋታል። አንድም ቃል አልተነፈሱም። ሻይ ስንጠጣም የጠየቁኝ ሊያውቁ አልነበረም። እኔ ራሴ እንድለው በሩን ከፍተውልኝ ነበር፤ አልገባሁም።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ ጉሙ አስከሬኑን ሊደብቅብን ሲል ቆሜ አነበብሁ። የት እንደተወለዱ፣ የት የት እንዳስተማሩ። «ጡረታ ከወጡም በኋላ ለአካባቢው ልጆች ተረት በመንገር...» ስል ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያንሾካሹካሉ።

«ያን ደብተር የወሰደባቸው ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?»

«ዐይጥ ነው ይሉ የለ?»

«ዐይጥ ከነሽፋኑ ይበላል እንዴ፣ አንቺ?»

የማነበው መስመር ጠፋብኝ። ሰው ከኀዘን መሰለው፤ አንዲት እናት ትከሻዬን ደገፉኝ። እስከ መጨረሻው አነበብሁና ወረድሁ።

ነገ አርባቸው ነው። ደብተሩን ለእትዬ ጽጌ እሰጣታለሁ፤ ከውስጡም ይህን ጽሑፍ አጥፌ አኖራለሁ። በልጅነቴ ከሰማሁት ተረት ብዙው አሁን ይምታታብኛል። ምድጃና ፋኖስ ያለበትን ቤት ባለፍሁ ቁጥር ግን ስሜ የተጠራ ይመስለኝና «አቤት» ልል አፌን እከፍታለሁ። እሱ ነው የቀረኝ፤ ያም ይደክመኛል።

በአፌ ብነግራት ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም ሰ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ አንድ ጊዜ በዚያ ተሸሽጌ አምልጫለሁ፣ አሁንም ማምለጤ አይቀርም። ወረቀት ላይ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ጋሼ የእርሳቸውን በንጉሡ ጽፈውልኛል፤ ያ የእርሳቸው ደግነት ነው። የእኔ በእሳቱ ነው።

ሰረቅሁ።